ሦስተኛው ሽማግሌ

ጎባ፣ መስከረም 18 ቀን 1975 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለጋሼ መኩሪያ፣

እንዴት ከረሙልኝ? ክረምቱስ እንዴት አደረገዎ? እኔ ከጎባ ብርድ በስተቀር የሚያማርረኝ ነገር የለም። እዚህ ጠዋት ፊት መታጠብ ራሱን የቻለ ዘመቻ ነው።

ደብዳቤዎ ትናንት ደረሰኝ። የመሥሪያ ቤትዎ የኅብረት ሱቅ ዕጣ ሲያወጣ ሳይክሏ ለእርስዎ መድረሷን፣ እርስዎም ለእኔ እንዳስቀመጧት ሳነብ ከክሊኒኩ ወጥቼ ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞርኩት። በሽተኞቹ ዶክተሩ ምን ነካው ሳይሉኝ አልቀረም። ጤና ረዳት ነኝ ብላቸውም ዶክተር ማለቱን አልተዉኝም።

ሁለት ነገር ልለምንዎት ነው። አንደኛው የሳይክሏ ጉዳይ ነው። ተጠቅልላ የመጣችበት ወረቀት እንዳይላጥ አደራ። ማንም እንዳይወጣባት፤ ጎረቤትዎ አቶ ኢስሐቅም ቢሆኑ። መጀመሪያ የምነዳት እኔ ነኝ። ጥር ላይ ፈቃድ ሳገኝ ምንትዋብን ከኋላ አስቀምጬ፣ ከጉርድ ሾላ ተነስቼ ለገዳዲ ግድቡ ድረስ ልወስዳት ቃል ገብቼላታለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳስበው የኖርኩት ጉዞ ነው።

ሁለተኛው ይከብዳል። ምንትዋብ አብራኝ የተማረች፣ አሁን ቦሌ ክሊኒክ የምትሠራ ነርስ መሆኗን ያውቃሉ። አባቷ አቶ አረጋዊ ለገዳዲ የውኃ ፓምፕ ላይ ነው የሚሠሩት። አንድ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ሽማግሌ ሊልክባቸው ነው። እሳቸውም ጥቅምት ሳያልቅ ለአንዱ ቃል እሰጣለሁ ብለዋታል። የእሷ ልብ ከእኔ ጋር ነው፤ ግን አባቷን አልፋ አትሄድም። እኔ የክትባት ሥራ ስላለብኝ እስከ ጥር ንቅንቅ ማለት አልችልም። አባቴ ቢኖር ሽማግሌ ሰብስቦ ይሄድልኝ ነበር። አሁን ያለኝ አባት እርስዎ ነዎት። ይሂዱልኝ፣ ጋሼ።

ልጅዎ ብርሃኑ ገብረየስ


ጉርድ ሾላ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለልጄ ለብርሃኑ ገብረየስ
ጎባ

ጉዳዩ፦ ስለ ሽምግልናው ውጤትና ስለ ሳይክሏ ደህንነት

እንዴት ነህ ልጄ? "ጉዳዩ" ብዬ በመጀመሬ እንዳትስቅብኝ። ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት የኖረ ሰው ጉዳዩ ያልተጻፈበት ወረቀት ሲያይ እጁ ይበላዋል።

ያልከኝን አድርጌያለሁ። ባለፈው እሑድ ጥቅምት 7 ሦስት ሆነን ሄድን። እኔ፣ ልብስ ሰፊው ጎረቤቴ ኢስሐቅ፣ እና የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ገብረሃንስ። የሄድነውም በገብረሃንስ ቮልስ ነው። ኢስሐቅን ሽማግሌ ያደረግሁት የወሎ አንደበት ስላለው ነው። እሱ ሲለምን እንኳን ሴት ልጅ ግድቡንም ይሰጡታል ብዬ ነበር።

አቶ አረጋዊ ግን ሌላ ሰው ናቸው። እንደ ደንቡ ነጭ ጋቢያችንን ደርበን በር ላይ ቆምን፤ ግቡ አሉን፣ ገባን፤ ተቀመጡ አሉን፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አልን። ኢስሐቅ የአባትህን ዘር፣ የአንተን ትምህርት፣ የጎባን አየር ሳይቀር አመሰገነ። ሰውየው ቆመው ሰሙት። ሲጨርስ ሰዓታቸውን አዩና፣ "ስትናገሩ ሃያ ሁለት ደቂቃ ፈጀባችሁ" አሉ። ከዚያ በኋላ ነው መልስ የሰጡን። "ከዘመድ ልምከርበት። በሦስተኛው እሑድ፣ ጥቅምት 28፣ ልክ በአራት ሰዓት ኑ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሌሎች ሰዎች ቀጥሬያለሁ። እኔ የከተማ ውኃ የምከፍትና የምዘጋ ሰው ነኝ። በቀጠሮው ያልመጣ ሽማግሌ፣ ላኪው አላሰበበትም ብዬ ነው የምይዘው።"

እሺ ብለን እጅ ነስተን ወጣን። አልተቆጡም፣ አልሳቁምም። ስንወጣ ምንትዋብ ከጓዳ በር ሆና አየችኝና ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች። ልጅቷ ጨዋ ናት፣ አንተም ዓይን አለህ።

ጥቅምት 28ን አታስብ። እሑድ እሑድ መኪና በፈረቃ መሆኑን ታውቃለህ፤ ጎዶሎ ቁጥር ታርጋ አንዱን እሑድ፣ ሙሉ ቁጥር ሌላውን። ቀኑ የገብረሃንስ ተራ መሆኑን እኔው ራሴ ቆጥሬ አረጋግጬለታለሁ። በቀን ቆጠራ ታምቼ እንደማላውቅ አንተም ምስክር ነህ።

ሳይክሏ ደህና ናት። ወረቀቷ አንዲት ቅድ እንኳን የለበትም፤ በጥሩ ሁኔታ ተቀምጧል።

አጎትህ መኩሪያ


ጎባ፣ ጥቅምት 19 ቀን 1975 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ መኩሪያ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ። ለአቶ ኢስሐቅና ለአቶ ገብረሃንስም ምስጋናዬን ይንገሩልኝ። አቶ አረጋዊ አልሳቁም ማለትዎ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። አደራዎን፣ ጥቅምት 28 ከአራት ሰዓት አንዲት ደቂቃ እንዳታልፍ። ከሰዓት በኋላ የሚመጡት የነጋዴው ሰዎች መሆናቸውን ምንትዋብ ጽፋልኛለች።

በዚያው ደብዳቤ ላይ ሌላ ነገር ጽፋለች። "ጋሼ መኩሪያ ቦሌ ክሊኒክ መጥተው ጉልበታቸውን አሸግኩላቸው፤ ምን ነካዎት ብላቸው መዝገብ ወደቀብኝ አሉኝ" ትላለች። ጋሼ፣ መዝገብ ጉልበት ላይ እንዴት ነው የሚወድቀው? ክርንዎም ተልጦ ነበር ትላለች።

ሌላው፣ ወረቀቱ በጥሩ ሁኔታ ተቀምጧል ያሉኝን አራት ጊዜ አነበብኩት። ወረቀቱ የተቀመጠው ሳይክሏ ላይ ነው ወይስ ሌላ ቦታ ነው? ይቺን ብቻ ቢመልሱልኝ።

ልጅዎ ብርሃኑ


ጉርድ ሾላ፣ ጥቅምት 26 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለልጄ ለብርሃኑ
ጎባ

ጉዳዩ፦ ስለ ጉልበት

ጤና ይስጥልኝ ልጄ። ስለ ወረቀቱ ያቀረብከው ጥያቄ ተመዝግቧል፤ በጊዜው መልስ ይሰጥበታል።

ጉልበቴን በሚመለከት፣ መዝገብ ወደቀብኝ ማለቴ ውሸት ነው። የወደቅሁት እኔ ነኝ። ከምን ላይ እንደወደቅሁ አትጠይቀኝ። የልጅቷ እጅ ግን ቀላል ነው፤ አዮዲኑ እንኳን አላንገበገበኝም። አንድም ነገር አላወጣጣችኝም፣ ዝም ብላ ሱሪዬን ታየው ነበር። ቀኝ እግሩ ላይ ጥቁር ቅባት ነበረበት።

ዛሬ የምነግርህ የአባትህን ነገር ነው። ለምን ዛሬ ትዝ እንዳለኝ ኋላ ይገባሃል። ልጆች ሆነን እኔና ገብረየስ አራት ኪሎ ሄደን ሳይክል እንከራይ ነበር፣ ሁለታችን በአንድ። አባትህ በአንድ ቀን ለመደው። እኔ ፈራሁ። በሚቀጥለው ሳምንት እሞክራለሁ እያልኩ፣ ሳምንቱ እየተከመረ፣ ሳልለምደው ጢም አወጣሁ። ስለዚህ ሁልጊዜ እሱ ይነዳል፣ እኔ ከኋላ ተቀማጭ ነኝ። ከኋላ ሲቀመጡ መንገዱ አይታይም። እኔ የማየው ጀርባውን ነበር። ሸሚዙ በነፋስ ተነፍቶ፣ ዳገት ላይ ላቡ በመሐል በመሐል እየወጣ። እውነቱን ልንገርህ፣ ዛሬ ገብረየስን ሳስበው ከፊቱ ይልቅ ጀርባው ነው ቶሎ የሚመጣልኝ። ሞቶም እንኳን ያስቀኛል፤ "ያዝ አንተ ፈሪ፣ ወገቤን ያዝ" የሚለኝ ይሰማኛል።

ይኸው ነው። ከነገ ወዲያ እሑድ ነው። ጋቢዬ ታጥቦ ተተኩሷል። የገብረሃንስ ቮልስ ነዳጅ ተሞልቷል። ኢስሐቅ ንግግሩን ወደ አሥራ ሁለት ደቂቃ አሳጥሮታል፤ በሰዓት ይዤ አስለማምጄዋለሁ። አንተ ተኛ።

አጎትህ መኩሪያ


ጎባ፣ ኅዳር 2 ቀን 1975 ዓ.ም.

ጋሼ መኩሪያ፣

ሰላምታ በማሳጠሬ ይቅር ይበሉኝ። ዛሬ ከእሑድ አራተኛው ቀን ነው። ደብዳቤ በአራት ቀን ጎባ እንደማይደርስ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ፖስታ ቤት ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። ትናንት አንድ ሕፃን ከትቤ እናቱ "ያኛውን ክንዱን ቅድም ወግተኸዋል" ብላ አስቆመችኝ። መልሼ ልወጋው ነበር።

እምቢ ብለው እንደሆነ ይንገሩኝ። ደጉን ብቻ አይጻፉልኝ፤ ልማድዎን አውቃለሁ። አባቴ ሲያርፍም ለሦስት ወር "ትንሽ አሞታል" እያሉ ይጽፉልኝ ነበር። አልቀየምኩዎትም፣ ግን አሁን ትልቅ ሰው ነኝ።

ብርሃኑ


ጉርድ ሾላ፣ ኅዳር 4 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለልጄ ለብርሃኑ
ጎባ

ጉዳዩ፦ ይቅርታ ስለመጠየቅ

እንዴት ሰነበትክ ልጄ? ከእሑድ ጀምሮ ብዕሬን ሳነሳና ሳስቀምጥ ስድስት ቀን ሆነኝ። መጀመሪያ ይቅርታዬን ተቀበልና ቀጥለህ አንብብ። የማትቀበል ከሆነ እዚህ ላይ አቁምና ለጎረቤት ስጠው፣ ይሳቅበት።

ወረቀቱ መሳቢያዬ ውስጥ፣ ከዳዊቴ ሥር ነው ያለው። አንዲት ቅድ የለበትም ያልኩህ እውነት ነው፤ በምላጭ ነው ክሩን የፈታሁት። መስከረም መጨረሻ ላይ አቧራ ይቀመጥባታል ብዬ ልወለውላት ነበር። ኢስሐቅ መጣና "ጎማ በቆመበት ይደርቃል፣ ትንሽ ትሂድ" አለ። እውነቱን ነው ብዬ ግቢ ውስጥ እየገፋሁ ዞርኳት። በማግስቱ እየገፉ ብቻ መዞር ለሳይክልም ለሰውም ውርደት መስሎ ታየኝ። ወጣሁባት። ኃምሳ ሰባት ዓመቴ ነው፣ ብርሃኑ። ኢስሐቅ በየማለዳው ከሰፈሩ በታች ባለው ሜዳ ኮርቻውን ይዞ ከኋላዬ እየሮጠ፣ "ቢስሚላህ በል፣ ወደፊት እይ" ሲለኝ፣ እኔ ደግሞ በስመ አብ እያልኩ፣ በሁለት ሃይማኖት እየተጠበቅሁ ወደቅሁ። ጉልበቱ የዚያን ጊዜ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ኢስሐቅ እጁን ለቆኝ ቆሞ እንደቀረ ያወቅሁት ከሜዳው ጫፍ ስደርስ ነው። ዞሬ ሳየው እንደ ጥፍር አንሶ ይታየኛል። የተሰማኝን ልጽፍልህ አልችልም። አባትህን ለመጥራት አፌን ከፍቼ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ቦሌ መሥሪያ ቤቴ ድረስ እመላለስባት ጀመር። አስቀያሚው ነገር ይኸው ነው፤ አደራ በላሁ። ሁሉንም ጥር ሳይገባ አጥቤ፣ መልሼ ጠቅልዬ፣ እንዳልተነካች አድርጌ ላስረክብህ ነበር ያሰብኩት። እሑድ ባይመጣ ኖሮ ይሳካልኝም ነበር።

እሑድ በሁለት ሰዓት በቮልሷ ተነሳን። ጉርድ ሾላ መስቀለኛው መንገድ ላይ ስንደርስ ትራፊክ ፊሽካ ነፋብን። "ዛሬ የሙሉ ቁጥር ተራ ነው" አለ። የገብረሃንስ ታርጋ ጎዶሎ ነው። ገብረሃንስ ዞሮ አየኝ። እኔ በጣቴ ቆጠርኩ፣ ደግሜ ቆጠርኩ። መጀመሪያ የሄድንበትን እሑድ አብሬ ቆጥሬው ኖሯል። ሠላሳ ዓመት የመንግሥትን ቀን ስመዘግብ ያልተሳሳትኩት ሰውዬ፣ የልጄን ቀን ተሳሳትኩ። ቮልሷ እስከ ማታ እዚያው እንድትቆም ተፈረደባት፤ ገብረሃንስም ትቷት አልሄድም አለ። የሰንዳፋ አውቶቡስ ጠበቅን። አንደኛው ሞልቶ አለፈን። ሁለተኛውም ሞልቶ አለፈን። ሰዓቱ ለሦስት ሩብ ጉዳይ ነው።

ኢስሐቅ ቀስ ብሎ፣ "ሳይክሏ አለች" አለኝ።

"ቃል አለብኝ" አልኩት።

"ልጁ ከሳይክሉና ከሚስቱ የትኛውን ቢያጣ ይሻለዋል?" አለኝ። ሮጬ አመጣኋት።

ልጄ፣ ሁለት ሽማግሌዎች ነጭ ጋቢ ለብሰው በአንዲት ሳይክል አይተህ ታውቃለህ? የሲኤምሲ ካምፕ ዘበኞች አይተው አያውቁም። አንዱ ከመጠን በላይ አክብሮን እጁን ወደ ኮፍያው አነሳ። ኢስሐቅ ከኋላዬ ሆኖ ለሁሉም እጅ ይነሳል። እኔ ግን ማንንም አላየሁም፤ መሪውን ጨብጬ ወደፊት ነው የማየው። መንገዱ ባዶ ነው፣ ግራና ቀኙ የደረሰ ጤፍ ነው። ዳገት ላይ እንወርዳለን፣ እንገፋለን፣ እንወጣለን። ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ ከፊት እኔ ነበርኩ፣ ከኋላ ሰው ወገቤን ይዞ። አደራ እየበላሁ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም ደስ አለኝ። ይህንንም ይቅር በለኝ።

ለገጣፎ ልንደርስ ስንል ቁልቁለቱ ላይ ጋቢዬ ሰንሰለት ውስጥ ገባ። ሽማግሌ ሳይክል እንዳይነዳ የተፈጠረ ልብስ ቢኖር ጋቢ ነው። ሰንሰለቱ እያኘከ ወደ ውስጥ ሳበኝ፤ ከነኢስሐቅ ከነክብራችን ጤፉ ውስጥ ገባን። ምንም አልሆንንም፣ ጤፍ ለስላሳ ነው። ግን ጋቢው ወደፊትም ወደኋላም እምቢ አለ። አንድ በዳሳ የሚባል ገበሬ ከማሳው ወጥቶ መንኮራኩሩን ወደኋላ አሽከረከረልን፤ አልወጣም። ሰዓቱ አራት ሰዓት ሆኗል። ያኔ ኢስሐቅ ከኪሱ መቀሱን አወጣ። ልብስ ሰፊ ለሽምግልና ሲሄድም መቀሱን አይተውም። የእናቴን እጅ ፈትል ጋቢ ጫፉን ቆረጠው። "ሚስት ሲያገባ እሰፋልሃለሁ" አለኝ።

አራት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ላይ ደረስን። አቶ አረጋዊ በር ላይ ቆመው ሰዓታቸውን ይዘዋል። ሳይክሏን አጥሩ ላይ አስደግፈን ገብተን ቆምን። ጋቢዬ ግማሹ የለም፣ የቀረው በቅባት ጠቁሯል፣ ጢሜ ውስጥ የጤፍ ገለባ አለ።

"ሦስት ነበራችሁ። ሦስተኛው ሽማግሌ የት አለ?" አሉ።

ኢስሐቅ ነው የመለሰው። "ውጭ ቆሟል፣ ጌታዬ። እንደ ደንቡ ጉዳያችን ሳይሰማ አይቀመጥም" አለ።

ሰውየው ወጥተው አዩ። ብዙ ቆዩ። እኔ በበሩ ቀዳዳ በኩል አያቸው ነበር። ሰንሰለቱ ውስጥ ከቀረው ጋቢ ጥጥ በጣታቸው ጎትተው አወጡ፣ ወደ መንገዱ አዩ፣ ሰዓታቸውን አዩ፣ ሰዓቱን ወደ ኪሳቸው መለሱት። ሲገቡ ፊታቸው ያው ነው።

"ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እያልኩ ነው ያደግሁት" አሉ። "እናንተ ስትሮጡ ልብሳችሁ ነው የተፈታው፣ ቃላችሁ አይደለም። ለአንድ ልጅ በዚህ ዕድሜ እንዲህ የሚሆኑለት ሰዎች ካሉት፣ ልጄ ባሌ ጎባም ብትሄድ አትቸገርም። ተቀመጡ።"

ተቀመጡ ነው ያሉን፣ ብርሃኑ። ተቀመጥን። ኢስሐቅ የአሥራ ሁለት ደቂቃ ንግግሩን ሳይጀምር ቀረ፤ እስከ ዛሬ እንደተቀየመ ነው። ከሰዓት በኋላ የመጡት ሰዎች በጨዋ ደንብ ተሸኙ። ሠርጉ ጥር 22 እሑድ ሆኗል።

ሳይክሏ አሁን ስላለችበት ሁኔታ ሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ። ደህና ናት።

አጎትህ መኩሪያ


ጎባ፣ ኅዳር 11 ቀን 1975 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ መኩሪያ፣

እንዴት ነዎት? ጉልበትዎስ? ደብዳቤዎን ይቅርታውን ሳልቀበል ነው አንብቤ የጨረስኩት። "ተቀመጡ" የሚለው ላይ ስደርስ ተቀበልኩ። ክሊኒኩ በር ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ያቺ የተከተበው ሕፃን እናት አይታኝ "ምነው ዶክተር፣ አንተንም ወጉህ?" አለችኝ።

እውነቱን ልንገርዎ፣ ትንሽ ተናድጄ ነበር። መጀመሪያ እኔ ልነዳት ነበር የፈለግሁት። ኋላ ግን አባቴን አሰብኩት። ወንድሙ ከፊት ሆኖ ሲነዳ ቢያይ የሚለውን ገመትኩ። ንዴቱ እዚያ ላይ ቀረ። ለአቶ ኢስሐቅ ንግግሩን ሠርጌ ላይ ሙሉውን ሃያ ሁለት ደቂቃ እንዲያደርጉት ፈቅጃለሁ ብለው ይንገሩልኝ።

አንድ ነገር ግን አልተውልዎትም። ምንትዋብን ከኋላ አስቀምጬ ለገዳዲ የምሄደው የእኔ ጉዞ ነው። እሱን ማንም አይቀድመኝም። ስለዚህ በግልጽ ይመልሱልኝ፦ ሳይክሏ የት ናት? "ደህና ናት" የሚለውን ቃልዎን ካሁን በኋላ አልቀበልም።

ልጅዎ ብርሃኑ


ለገዳዲ፣ ኅዳር 19 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለልጄ ለብርሃኑ
ጎባ

ጉዳዩ፦ ሳይክሏ ያለችበትን ቦታ ስለማሳወቅ

ጤናህን እመኛለሁ ልጄ። ይህን የምጽፍልህ አቶ አረጋዊ ቤት ሆኜ ነው። ዛሬ የገብረሃንስ ተራ ነው፤ በቮልሷ መጣን። ቀኑን የቆጠረው እሱ ነው፤ እኔ እንዳልቆጥር ተከልክያለሁ።

ደብዳቤህ ትናንት ደረሰኝ። እንግዲህ ሁሉንም ልናገር። በዚያ እሑድ ከተቀመጥን በኋላ አቶ አረጋዊ አንድ ጥያቄ አነሱ። "ልጁን በዓይኔ አላየሁትም። ባሌ ሩቅ ነው። ለሠርጉ ቀን መምጣቱ ዋስ ማን ነው?" አሉ። እኔ አልኩ። "እርስዎ አባቱ ነዎት፤ አባት ለልጁ ዋስ ሆኖ ያውቃል?" አሉኝ። ኢስሐቅ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ዋሱ እኔ ልሁን አለ። እሱንም አልተቀበሉትም። ቆይተው ወደ አጥሩ በአገጫቸው አሳዩን። "ያ ሦስተኛው ሽማግሌ እዚህ ይሰንብት። ልጁ ሲመጣ ይውሰደው" አሉ።

ምን ልበል? ሚስት ተሰጥቶህ ሳይክል ልከልክል? ትተናት ማታ በአውቶቡስ ተመለስን። እስካሁን ያልጻፍኩልህ አፍሬ ነው። አደራ በላሁ፣ ከበላሁም በኋላ አስያዝኩት።

ግን ስማኝ። ዛሬ ለገጣፎ ስንደርስ መንገዱ ላይ አንድ ሰው ሱሪ ለብሶ፣ ፀጉሩን በሻሽ አስሮ፣ በሳይክል ይመጣል። ኢስሐቅ "አነዳዷ ጥሩ ነው፣ ግን ክርኗን ትንሽ ታጥፈው" አለ። ቀና ብዬ ሳይ ምንትዋብ ናት። ከኋላዋ መቶ ሜትር ያህል ርቀው አቶ አረጋዊ ይሮጣሉ፣ ያ ሰዓት የማያዛንፉ ሰውዬ፣ "ፍሬን፣ ፍሬን ያዢ" እያሉ። ሦስት ቅዳሜና እሑድ ሆኗቸዋል። ሰንሰለቱን በየማታው ዘይት የሚቀቡት እሳቸው ናቸው። እሷ እኔን ስታይ አልቆመችም፣ መቆም ገና አልለመደችም፤ በአጠገባችን "ጋሼ መኩሪያ፣ ጋቢዎን ይሰብስቡ" ብላ አለፈች።

እኔ የምጨምረው የለኝም። ልጅቷ ብዕሩን ስጡኝ እያለች አጠገቤ ቆማለች። እኔም ሰጥቻታለሁ።

*

ብርሃኑ፣

በደብዳቤህ ጋሼ መኩሪያን ሳይክሏ የት ናት ብለህ አስጨንቀሃቸዋል። እኔው ልመልስልህ። እኔ ጋ ናት። ጉልበቴ ሁለት ቦታ ተልጧል፤ ክሊኒክ ሄጄ ራሴው አሸግኩት። ለባልደረቦቼም መዝገብ ወደቀብኝ አልኳቸው።

አባባ ትናንት እስከ ግድቡ ደርሼ ስመለስ ሰዓት ያዙልኝ። ፈጠንሽ አላሉኝም፣ ደግሞም አልተቆጡም። እሳቸውን የምታውቅ ብትሆን ምን ያህል ደስ እንዳላቸው ይገባህ ነበር። ትመጣለህ፣ ታውቃቸዋለህ።

የገባህልኝን ቃል አልረሳሁም። ጥር ላይ ከጎባ ስትመጣ እስከ ጉርድ ሾላ በከተማ አውቶቡስ ና። እኔ መስቀለኛው መንገድ ላይ ቆሜ እጠብቅሃለሁ። ከዚያ ለገዳዲ ድረስ አብረን እንሄዳለን፤ እንዳልከው፣ ከጉርድ ሾላ ተነስተን፣ ሁለታችን በአንዷ። አንዲት ነገር ብቻ ተለውጣለች። እኔ ነኝ የምነዳው።

ጋሼ መኩሪያ ስለ አባትህ የጻፉልህን ነገሩኝ። ከኋላ ሲቀመጡ መንገዱ አይታይም ብለዋል። እኔ ግን ሁለት ዓመት ስጠብቅህ ፊትህን ብቻ ነው በፎቶግራፍ ሳየው የኖርኩት። አንተም አንድ ቀን የእኔን ጀርባ እያየህ ና። ወገቤን አጥብቀህ ያዝ፣ ፍሬኑ ላይ ገና ነኝ።

ምንትዋብ